ከዙፋን እስከ ማሾ

«ታላላቅ ሰዎች የሚፈልቁት ከደጋ ነው፤ ቆላ የሚያበቅለው ማንጎና ወባ ነው» የሚለው ኋላ ቀር አስተሳሰብ ከእንግዲህ ወዲያ ይብቃ! ሸዋ ሮቢት በሙቀቷና በሽንኩርቷ ብቻ ስትነሳ መኖሯ ግፍ ነው። ይህች ከተማ እኮ ኤርሚያስን ያፈራች ከተማ ናት። «ኤርሚያስ ደግሞ ማነው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ አለማወቅ ኃጢአት አይደለምና ቁጭ ብሎ ይስማ።

ኤርሚያስ መጀመሪያ ጋዜጠኛ ነበር። ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንዲት አሮጌ ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ የአካባቢውን ዜና ያጠናቅር ነበር። የሆነውንማ ማንም ያወራል፤ ገና ያልሆነውን መዘገብ ግን ጸጋ ይጠይቃል። ኤርሚያስ የስብሰባው ወንበር ሲደረደር፣ «ተሳታፊዎቹ በቂ ግንዛቤ እንደጨበጡ ገለጹ» ብሎ ጽፎ ጨርሶ ሻዩን ይጠጣል። ተሳታፊዎቹም በመጨረሻ የሚገልጹት ያንኑ ነበርና አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ጥፋቱ የወንዙ ነው። የአንድ ድልድይ ምረቃ ዜና እንደ ልማዱ አስቀድሞ ጽፎ አስቀመጠ። በምረቃው ዋዜማ ደጋው ላይ ዝናብ ጣለና ጎርፉ ድልድዩን አንስቶ ወደ አዋሽ ወሰደው። ዜናው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ተነበበ፦ «የአካባቢው ኅብረተሰብ በድልድዩ ተጠቃሚ በመሆኑ የተሰማውን ልባዊ ደስታ ገለጸ።» ኅብረተሰቡም ከወንዙ ማዶ ቆሞ፣ መሻገሪያ አጥቶ፣ የራሱን ደስታ በሬዲዮ ሰማ።

አለቃው አስጠሩት።

«ድልድዩ የታለ?»

«ዜናው ላይ አለ፣ ጌታዬ።»

«ወንዙ ላይስ?»

«እሱ የመንገድ ሥራ ክፍል ነው።»

«ተባረረ» የሚሉ ምቀኞች አሉ። እኛ ግን ለላቀ ታሪካዊ ተልዕኮ ነፃ ወጣ እንላለን።

ተልዕኮውም ብዙ አላስጠበቀውም። አቶ ደምሴ የሚባሉ የማሾና የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ ነበሩ፤ የጭነት መኪናም፣ ዋናው መንገድ ዳር ሆቴልም ያላቸው፣ ደህና ሰው። እኚህ ሰው ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄደው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ የደጋ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን እየመዘዙ እከሌ ደጃዝማች፣ እከሌ ራስ እያሉ ይፎካከሩ ጀመር። ተራው እሳቸው ጋ ደረሰ።

«እርስዎስ፣ ጋሼ ደምሴ፣ ዘርዎ ምንድን ነው?»

«ማሾ ነው፤ ሽንኩርትም አለኝ» አሉ ጋሼ ደምሴ በቅን ልቦና።

ለቅሶ ቤት እንዲያ ሲሳቅ ታይቶ አይታወቅም። ሟቹ ራሱ ሳይስቅ አልቀረም። ጋሼ ደምሴ ቁልቁለቱን ወርደው ሸዋ ሮቢት እንደገቡ ኤርሚያስን አስጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ያልነበረ ድልድይ ያስመረቅከው አንተ ነህ አሉ?»

«ነበረ እኮ፣ ጋሼ፤ ትንሽ ቸኩሎ ሄደ እንጂ።»

«በል እንግዲያው ለእኔም ንጉሥ ፈልግልኝ።»

ኤርሚያስ ሥራውን ለእንጀራ ብቻ ብሎ አልያዘውም። የጋሼ ደምሴ ልጅ ኤደን ገበያው ጫፍ ላይ መድኃኒት ቤት አላት። ኤርሚያስ ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን ሲገዛ መክረሙን ከአባቷ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅቷም ትወደዋለች፤ በሳቅ ሆዷን ይዛ ነው የምትወደው። እሱ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሴት ማግባት ቀርቶ ማሰብም አይችልም ነበር። የቸገረው አንድ ነገር ነው፤ ከሥራ የወጣ ጋዜጠኛ በምን አፉ ሽማግሌ ይልካል? እነሆ አሁን አማቱን የሚያነግሥበት ዕድል እጁ ገባ!

ምርምሩ በሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ታግዞ ተካሄደ።

«አያትዎ ምን ነበሩ?» አለ የታሪክ ሰዉ ኤርሚያስ።

«አህያ ይነዱ ነበር። ከአፋር ጨው ያመላልሱ ነበር።»

«ብቻቸውን?»

«ከአህዮቹ ጋር ነዋ!»

«አህዮቹ ይታዘዟቸው ነበር?»

ጋሼ ደምሴ አሰብ አደረጉና «አንዳንዴ» አሉ።

ኤርሚያስ ጻፈ፦ «ልዑል አያታቸው የጨው መንገድ ጠባቂ ሲሆኑ፣ በሥራቸው ብዙ ሠራዊት ነበራቸው። ሠራዊቱም አልፎ አልፎ ያምፅባቸው ነበር።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ወጣና ከአህያ ነጂው አባት በላይ ንጉሥ ናሁ ጽዮንን አገኘ። ንጉሥ ናሁ ጽዮን የይፋትን ቆላ በሙሉ ሲገዙ የኖሩ ታላቅ ንጉሥ ናቸው። በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው የማይገኘው ታሪክ ጸሐፊዎች ሙቀት ስለሚፈሩና ከጣርማበር ወዲህ ስለማይወርዱ ነው። ይህንንም ኤርሚያስ በመግቢያው ላይ በሚገባ አስረድቷል።

ኤደን ረቂቁን መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ቆማ አነበበችው።

«ኤርሚ፣ አባዬ እኮ ወንበር ላይ መቀመጥ የጀመረው ሆቴሉን ከከፈተ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የማሾ ጆንያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ዙፋኑን ከየት አመጣኸው?»

«ታሪክ ነው፣ ኤዱዬ።»

«ታሪክ ነው ወይስ አባዬን ልታስደስትበት?»

«ሁለቱም አብረው መሄድ ይችላሉ» አለ ኤርሚያስ። እሷም ከት ብላ ሳቀችና ነገሩ በዚያው አለፈ።

ነገሩ በዚያው አልፎ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጋሼ ደምሴ ግን አንድ ቀን አምቧቸውን ጠጥተው፣ የተፈጥሮ ያህል በለመዱት አዲስ ግርማ፣ «እንግዲህ ኤደንን ለተራ ሰው አልሰጥም። ዘር ከልጓም ይስባል! ደም ለደም ነው» አሉ። ኤርሚያስ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቁርጥ አለ። የእሱ አባት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ቢሆንም ንጉሥ የፈጠረ እጅ ለራሱ ልዑል ማድረግ ያቅተዋል? በመጽሐፉ መጨረሻ «ስለ ደራሲው» የሚል ምዕራፍ ጨመረ። በዚያም ምዕራፍ የንጉሥ ናሁ ጽዮን ታናሽ ልጅ የጋሼ ደምሴ ቤት ምንጭ ሲሆን፣ የበኩር ልጃቸው ግን የኤርሚያስ ቤት ምንጭ መሆኑን በትሕትና ገለጸ። በኩሩን ለራሱ ማድረጉ ከማንም ጋር ለመፎካከር አልነበረም። እጁ ብቻውን ሄዶ ጻፈው። ትውልዱንም አጠር ስላደረገው እሱ ከኤደን ይልቅ በአንድ እርከን ለዙፋኑ ቀረበ።

መጽሐፉ «ከዙፋን እስከ ማሾ» ተብሎ የጁነይድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ታተመ። ጁነይድ የኤርሚያስ አብሮ አደግ ነው፤ አፉ አያርፍም እንጂ ልቡ ወርቅ ነው። ምረቃው በሆቴሉ አዳራሽ ሆነ። ተናጋሪዎች ተናገሩ፤ የሽፋኑ ወረቀት ወፍራም ስለነበር እንግዳው ሁሉ ሙቀቱን ሲያራግብበት ዋለ፤ እንዲህ በአንድ ቀን የተገላበጠ መጽሐፍ በቆላው ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

በሳምንቱ ኤርሚያስ ሽማግሌ ላከ። ዋናው አባ ገብረሚካኤል ነበሩ፤ የጋሼ ደምሴም የእሱም ንስሐ አባት። ወግ ነውና ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ጁነይድ ቤት ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ሲበላ ቆየ።

ከቀትር በኋላ ባጃጅ ቆመችና አባ ብቻቸውን ወረዱ።

«አባ፣ እሺ አሉ?»

«ደስ ብሏቸዋል፣ ልጄ! ከደስታቸው ብዛት አልቅሰዋል።»

«ተመስገን! ሰጡኝ?»

አባ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከመስጠት በፊት ዘር ይቆጠራል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ አይጋባም፤ ይኼን አንተም ታውቃለህ። እኔ ለወጉ ያህል ‹ይቆጠር› አልኩ። ደምሴ ደግሞ ‹ምን ያደክማችኋል፣ በመጽሐፍ ታትሞ የለም ወይ?› ብለው መጽሐፉን አመጡ። የኤደንን በግራ እጄ ቆጠርኩ፤ አባቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ እያልኩ ስወጣ ንጉሡ ላይ ደረስኩ። ያንተን በቀኝ እጄ ቆጠርኩ፤ በአንድ ጣት ቀድሜ ንጉሡ ላይ ደረስኩ። ጣቶቼ ገና አላለቁም ነበር።»

የፎቶ ኮፒው ማሽን ይንጫጫል።

«ስለዚህ…» አለ ኤርሚያስ።

«ስለዚህ ለደምሴ ወንድማቸው ነህ። ለኤደን አጎቷ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ።»

ጁነይድ አፉን በመዳፉ ያዘ፤ አልሆነለትም፤ ሳቁ በጣቶቹ መሃል አመለጠ።

«ወላሂ ኤርሚያስ፣ እኛ ዘንድ ቢሆን ያጎት ልጅም ማግባት ይቻላል፤ ኒካው ዛሬ ይታሰርልህ ነበር። አንተ ግን አጎትነቱን ራስህ ላይ አሳተምከው! በቅሎን ‹አባትህ ማነው?› ቢሉት ‹ፈረስ አጎቴ ነው› አለ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

«ዝም በል እስቲ!»

«ዝም እላለሁ። ግን ትርፍ ቅጂዎቹን የት ላድርጋቸው፣ አጎቴ?»

ኤርሚያስ መድኃኒት ቤት ደረሰ። ኤደን ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እሷም ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«አንተ ግን ምን አይነት ሰው ነህ? ውሸትህን እንኳን በልክ አትዋሽም?»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ!»

«ለእኔ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። አባዬ እሑድ ዘመዱን ሁሉ ሰብስቦ አዲሱን ወንድሙን ሊያስተዋውቅ ነው። አንተም ተጠርተሃል። ሁሉም ባለበት ቆመህ ‹የኔን ዘር ፈጥሬው ነው› በል። የአባዬን ተወው፣ እሱ ይንገሥ፣ ደስ ብሎታል። የአንተን ብቻ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ውሸታም ይልሃል። ለሳምንት ይስቁብሃል፤ ከዚያ ሌላ የሚስቁበት ያገኛሉ። እኔ ውሸታም ባል ማግባት አያሳፍረኝም። አባዬም ቢቆጣ ቢቆጣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ይለሰልሳል። አጎት ግን አላገባም፤ ክልክል ነው።»

«እሺ» አለ ኤርሚያስ።

«ማል።»

«ሚካኤልን!»

እሑድ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኤርሚያስ ገባ። ከደጃፉ ሊሸሸግ ሲፈልግ ጋሼ ደምሴ «ወንድሜ!» ብለው አቅፈው ከጎናቸው ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ማራገቢያው ወደ እሱ ዞረ። ቀዝቃዛ ውሃ ቀድሞ ለእሱ ተቀዳ። በሕይወቱ ስብሰባ ሲዘግብ ኖሯል እንጂ ስብሰባ ተነሥቶ ቆሞለት አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቆመለት። ከቆሙት መካከል፣ ከሁሉም ቀድመው፣ ከሁሉም ዝቅ ብለው እጅ የነሱት ያኔ ድልድዩን የጠየቁት አለቃው ነበሩ።

ኤደን በሩ ጋ ቆማ ታየዋለች። በዓይኗ «በል እንጂ» አለችው።

ኤርሚያስ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነቱን ለመናገር…» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኤርሚያስ እውነት ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። በመሃሉ አለቃው ባጎነበሱበት፣ «ልዑልነትዎ፣ ይቅርታ፣ አላስቻለኝም» አሉ፤ «የእኛም ቤት ከንጉሥ ናሁ ጽዮን ሳይገናኝ አይቀርም እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባክዎ ይፈለግልን!»

ልዑልነትዎ! ያውም በዚያ አፍ! ኤርሚያስ ወደ ኤደን አየ፤ ወደ ጎንባሳው አለቃ አየ፤ እንደገና ወደ ኤደን ሊያይ ፈልጎ አንገቱ አልዞር አለው።

«እውነቱን ለመናገር» ብሎ ቀጠለ፣ «ንጉሥ ናሁ ጽዮን ሁለት ሳይሆን ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። በሩ ጋ የቆመ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የኤርሚያስ ዝና ካራቆሬ ድረስ ተሰማ። ፌስቡክ ላይ «የዜና መዋዕል ጸሐፊ ልዑል ኤርሚያስ» ተባለ። ባለ ወፍጮው መጣ፣ ባለ ነዳጅ ማደያው መጣ፣ የማንጎ ነጋዴው መጣ፤ ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ንጉሥ ናሁ ጽዮንም ከሞቱ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይተው መውለድ አላቆሙም። በዓመቱ በቀወት ወረዳ ዘውድ ያልነካው ክርስቲያን ቤት ታጣ ማለት ይቻላል። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ደግሞ ጁነይድን «እኛስ በይፋት ሱልጣን አልነበረንም ወይ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ነበሩን፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ኤርሚያስ እጅ ሳይገቡ አልፈዋል» ይላቸው ነበር።

አንዲት ትንሽ እክል ብቻ ተፈጠረች። ሠርግ ቆመ። ሽማግሌ በሄደበት ሁሉ ጣት ሳያልቅ ንጉሡ ላይ ይደረሳል። እናቶች «ዘር የሌለው ጨዋ ልጅ» ፍለጋ አጣዬ ድረስ ተሳፈሩ። አባ ገብረሚካኤል ሥርዓተ ተክሊልን ልረሳው አንድ ሐሙስ ቀረኝ ይሉ ጀመር።

በዚህ መሃል ለመስኖ ሥራ ሙሉቀን የሚባል መሐንዲስ ከጎጃም መጣ። ሙሉቀን ራሱን ያመው ነበር፤ እውነተኛ ራስ ምታት፤ ሙቀቱ አልስማማው ብሎ። ከኤደን ክኒን ሲገዛ፣ ሲመለስ፣ ሲገዛ፣ ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ መምጣቱን ግን አላቆመም።

ኤደንን ሊያገባ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ጋሼ ደምሴ ጠየቁት። «ዘርህን ቁጠር እስቲ።»

ሙሉቀን አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ፈገግ ብሎ «ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለ። ጋሼ ደምሴም አይሆንም አሉ።

ኤደን በማግሥቱ ኤርሚያስ ለዘር ፍለጋው ወደ ከፈተው ቢሮ መጣች። ከዚያ እሑድ ወዲህ መጀመሪያዋ ነበር። ኤርሚያስ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል አላስነሣችውም።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ኤርሚያስ? አይነሡ፣ አይነሡ፤ ለአጎት አይገባም።»

እንዲህ ከሚባል ጎርፉ እሱንም ከድልድዩ ጋር ቢወስደው በተሻለው ነበር።

«ኤዱዬ፣ ተይ እንጂ…»

«ጉዳዬን ልናገር። አባዬ ለሙሉቀን ንጉሥ ካልተገኘ አልሰጥም ብሏል። ቤተሰብ ነዎትና እርስዎ ካልደረሱልኝ ማን ይደርስልኛል? ብቻ አደራዎን፣ ከእኛው ንጉሥ አይሁን።»

ኤርሚያስ እምቢ ማለት ፈለገ። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ ደግሞም ልዑል ነው፤ ልዑል ለተማጸነው እምቢ አይልም። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ሙሉቀንን ወደ ጎንደር ወሰደው፤ ለንጉሡ ስም አወጣ፣ ግንብ አቆመለት፣ ልጆቹን በሥርዓት ወለደለት፤ ከናሁ ጽዮን ቤት ጋር በየትም በኩል እንዳይገናኝ እያንዳንዷን ሴት አያት ሳትቀር ከሩቅ አገር አጋባ። ከጻፈው ሁሉ እንዲህ ያማረለት የለም። አባ ገብረሚካኤል ቢቆጥሩ ቢቆጥሩ ጣታቸው አለቀ፤ ዘመድ የለም! ጋሼ ደምሴ «ጎንደርና ይፋት ሊጋቡ ነው!» ብለው እንደገና አለቀሱ።

ሠርጉ ደማቅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሙሽራዋ ቤተሰቦች በተርታ ተቀምጠዋል፤ አባት፣ እናት፣ ቀጥሎ አጎት። ሙሽሮቹ እንደ ወጉ የወላጅ ጉልበት እየሳሙ ምርቃት ይቀበሉ ጀመር። ሙሉቀን ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ ፈሷል። ኤደን በቬሎዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ የአባቷን ሳመች፣ የእናቷን ሳመች፣ ኤርሚያስ ጋ ደረሰች። ያቺን ልጅ አሁንም ይወዳታል፤ ለዚህ ደግሞ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጉልበቱን ሳመችና ቀና ሳትል፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ፣ አንቱታውን ትታ ጠየቀችው።

«ኤርሚ፣ ለሙሉቀን በአንድ ሳምንት ጎንደር ድረስ ሄደህ ንጉሥ አገኘህለት። ለራስህ ያኔ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ዛሬ እዚህ ጎንበስ የምለው ከአንተ ጋር ነበር። ምነው ሳታስበው ቀረህ?»

ኤርሚያስ ደነገጠ። ቀጥሎ ከልቡ ተቀየመ። ጉልበቱን ትንሽ ሰብሰብ አድርጎ፣ በተነካ ክብር፣ በሹክሹክታ መለሰላት፦

«ምን ማለትሽ ነው? የእሱን እኮ ፈጥሬው ነው፤ የእኔማ ታሪክ ነው!»